የቃላት ትውልድና የምስክሮቻቸው ሚዛን

ቃል እንደ ሰው ትውልድ አለው። አባትና አያት ይቈጠርለታል፤ ወንድምም የአጎት ልጅም በሩቅ አገር ይገኝለታል። ነገር ግን የሰውን ትውልድ ለመቍጠር ምስክር እንደሚያስፈልግ ሁሉ፥ የቃልንም ትውልድ ለመቍጠር ምስክር ያስፈልጋል። ያለ ምስክር የተቈጠረ ትውልድ ሰሚውን ደስ ያሰኘው ይሆናል እንጂ በርስት ክርክር ጊዜ አይረባም።

ይህ ነገር ለአዊ አገር ሰዎች በተለይ የቀረበ ጕዳይ ነው። በዳንግላና በእንጅባራ አንዱ ሰው በቤቱ አዊኛ፥ በገበያና በጽሕፈት ቤት አማርኛ፥ በቤተ ክርስቲያን ግዕዝ፥ በትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ይሰማል። አራት ቋንቋ ባንድ ጆሮ ሲገባ፥ ይህ ቃል ከዚያ መጣ፥ ያኛው ከዚህ ተወሰደ የሚል ክርክር መነሣቱ አይቀርም። በክርክሩም ሦስት ወገን ይታያል። አንደኛው ሁሉን ከግዕዝ ያወጣል፤ ሁለተኛው ሁሉን ለአገው ይሰጣል፤ ሦስተኛው ደግሞ ድምፁ የተመሳሰለለትን ቃል ሁሉ ከእንግሊዝኛ ጋራ ያዛምዳል። እንግዲህ ከሦስቱ ወገን ምስክር ያለው ማን እንደ ሆነ መመርመር፥ መዝገበ ቃላት የጻፉትንም ሊቃውንት ሥራ በዚሁ ሚዛን መመዘን የተገባ ነው።

የመጀመሪያው ሚዛን የድምፅ ሥርዐት ነው። ሁለት ቃላት ተመሳሰሉ ማለት ብቻ ዘመዳሞች ናቸው አያሰኝም፤ የሚለያዩበት መንገድ በሌሎችም ቃላት ላይ በሥርዐት የሚደጋገም ሊሆን ይገባዋል። ለምሳሌ በግዕዝ በወ የሚጀምር ቃል በዕብራይስጥ በየ ይጀምራል። ግዕዝ ወለደ የሚለውን ዕብራይስጥ ያላድ ይለዋል፤ ወረደ የሚለውንም ያራድ ይለዋል። ስለዚህ በግዕዝ ወይን የተባለው በዕብራይስጥ ያይን ቢባል ልዩነቱ ራሱ የዝምድና ምስክር ይሆናል። ይኸው ቃል በግሪክ ኦይኖስ፥ በላቲን ዊኑም ይባላል፤ እንግሊዞችም ከላቲን ተቀብለው ዋይን አሉት። የፊተኞቹ ዝምድና የትውልድ ሲሆን፥ የኋለኛው የንግድ ነው፤ መጠጡ በመርከብ ሲጓዝ ስሙም አብሮ ተጓዘ። ቃሉ መጀመሪያ ከየትኛው ሕዝብ አፍ እንደ ወጣ ሊቃውንት እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል።

በዚህ ሚዛን የማያልፍ መመሳሰልም አለ። ዐረቦች ምድርን አርድ፥ እንግሊዞች ኧርዝ ይሏታል። የሰማ ሁሉ አንድ ናቸው ለማለት ይቸኵላል። ነገር ግን የዐረቡ ቃል መጨረሻ በዕብራይስጥ ጸ ሆኖ ኤሬጽ ይባላል፥ በአራማይስጥ ደግሞ ዐ ሆኖ ይገኛል። የእንግሊዙም ወንድም በጀርመን ኤርደ ነው። ሁለቱን ወገን ወደ ጥንታቸው በመለሷቸው መጠን እየተራራቁ ይሄዳሉ እንጂ አይቀራረቡም። እውነተኛ ዘመድ ግን ወደ አያቱ በቀረበ ቍጥር መልኩ ይመሳሰላል። ስለዚህ ይህ መመሳሰል አጋጣሚ ነው።

ሁለተኛው ሚዛን የትርጕም መንገድ ነው። አማርኛ ጅብ፥ የቀድሞ ጸሐፊዎችም ዥብ የሚሉት አውሬ በግዕዝ ዝእብ ይባላል። ዘ ወደ ዠ መለወጡ፥ ገዛ ብሎ ገዢ፥ ያዘ ብሎ ያዥ እንደሚባለው፥ ለአማርኛ የታወቀ ጠባይ ነው። በዐረብኛ ዚእብ፥ በዕብራይስጥ ዘኤብ ሲባል ግን አውሬው ተኵላ እንጂ ጅብ አይደለም። ድምፁ ጸንቶ ትርጕሙ ተዛወረ። በረትን የሚደፍርና በሌሊት የሚያስፈራ አውሬ በየአገሩ አንድ ስላልሆነ፥ ስሙ በአገሩ ለሚያስፈራው ተሰጠ ማለት ነው። እንዲህ ያለ የትርጕም ዝውውር ምክንያቱ ሲታይ የሚታመን ነው።

ከዚህ የበለጠ የተጓዘ ቃል ቀለም ነው። በግሪክ ካላሞስ ማለት ሸምበቆ ነው። ሸምበቆ ተቀርጾ መጻፊያ ስለ ሆነ፥ በዐረብኛ ቀለም ማለት ብዕር ሆነ። በአገራችን ደግሞ ብዕሩ የሚጠቀሰው ፈሳሽ በዚህ ስም ተጠራ፤ ከዚያም ቀይ ቀለም፥ ጥቍር ቀለም በማለት ለመልክ ሁሉ ተዳረሰ፤ በመጨረሻም ቀለም ቈጠረ በተባለ ጊዜ ትምህርት ማለት ሆነ። እንግሊዞችም የእህልን አገዳ ሆም የሚሉበት የቈየ ቃል አላቸው፤ ሲጻፍ ል የሚባል ፊደል አለበት፥ ሲነበብ ግን አይሰማም። ይህ ቃል የካላሞስ ወንድም ነው። በግሪክና በላቲን በከ የሚጀምረው በእንግሊዝኛ በሀ ይጀምራልና፤ የግሪኩ ካርዲያ በእንግሊዝኛ ሃርት፥ የላቲኑ ኮርኑ ሆርን እንደ ሆነ ማለት ነው። ስለዚህ የዳንግላ ተማሪ ቀለም ቀንድ ይዞ ሲጽፍ የሚያውቀው ቃል፥ የእንግሊዝ ገበሬ በአጨዳ ጊዜ ከሚጠራው ቃል ጋራ በሩቅ ይገናኛል።

ሦስተኛው ሚዛን የመንገዱ ታሪክ ነው፤ ቃሉ በማን እጅ፥ በምን ምክንያት እንደ መጣ መታወቅ አለበት። ኤጲስ ቆጶስ የግሪክ ቃል ነው፤ ፍቺውም በላይ ሆኖ የሚመለከት፥ የሚጠብቅ ማለት ነው። ግዕዝ ቃሉን ከነሙሉ አካሉ ጠበቀው፤ እንግሊዞች ግን ራሱንና ጅራቱን ቈርጠው ቢሾፕ አሉት። ዲያቆንም በግሪክ አገልጋይ ማለት ሲሆን በእንግሊዝኛ ዲከን ሆኗል። ሃይማኖትና ኦሪት ግን ከግሪክ አልመጡም፤ የአራማይስጥ ቃላት ናቸው። ከእነዚህ ቃላት የጥንት መምህራን በየት በኩል እንደ መጡና በምን ቋንቋ እንዳስተማሩ ይታወቃል።

በገበያውም በኩል እንዲሁ ነው። ጠረጴዛ ከግሪክ ትራፔዛ የመጣ ነው፤ ፍቺውም አራት እግር ያለው ማለት ነው። ገንዘብ መንዛሪዎች በጠረጴዛ ላይ ይመነዝሩ ስለ ነበር ግሪኮች የገንዘቡን ቤት ራሱን እስከ ዛሬ ትራፔዛ ይሉታል። ጣልያኖችም እንዲሁ ገንዘብ የሚመነዘርበትን አግዳሚ ባንካ ብለው ነበርና ባንክ የሚለው ስም ከዚያ ወጣ፤ እንግሊዞች አግዳሚ ወንበርን ቤንች ማለታቸው የዚሁ ዘመድ ነው። ስለዚህ በእንጅባራ ባንክ ገብቶ በጠረጴዛ ላይ ገንዘብ የሚቈጥር ሰው፥ ሳያውቀው ሁለቱን ቃላት ወደ ጥንት ቦታቸው ይመልሳቸዋል።

ዳንግላ ራሷም ለዚህ ምሳሌ ትሰጣለች። እንግሊዛዊው ሻለቃ ሮበርት ቺዝማን እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ1925 እስከ 1934 በዳንግላ ቆንስል ሆኖ ተቀምጦ ነበር፤ ስለ ጣናና ስለ ዓባይ የጻፈውም መጽሐፍ በ1936 ታተመ። የሹመቱ ስም ቆንስል የላቲን ቃል ነው፤ በጥንት ሮም በየዓመቱ ለሚሾሙት ለሁለቱ ገዢዎች የተሰጠ ስም ነበር፤ እንግሊዞች መማከርን ኮንሰልት የሚሉበትም ቃል ከዚያው ሥር የወጣ ነው። ይህ ወደ አገሩ የገባ ቃል ነው። ከአገሩ የወጣም አለ። የእንጅባራ ሌላ ስሟ ኮሶ በር ነው። ኮሶ የሚለው ስም በእንግሊዝ መዝገበ ቃላት ኩሶ ተብሎ ይገኛል፤ አበባው የኮሶ ትልን ስለሚያስወጣ በ19ኛው መቶ ዓመት ወደ አውሮፓ መድኀኒት ቤቶች ገብቶ ነበርና። ስለዚህ የቃል ንግድ ሁለት ወገን ያለው መሆኑን አለመርሳት ይገባል፤ ሁልጊዜ ተበዳሪዎች ነን የሚል ሰው ሒሳቡን በደንብ አልያዘም።

እነዚህን ሦስት ሚዛኖች ይዞ ወደ ታወቁት ተረቶች ሲገባ ብዙዎቹ ይወድቃሉ። ጤፍ ከእጅ ሲወድቅ ስለሚጠፋ ጠፋ ከሚለው ግሥ ስሙ ወጣ ይባላል፤ የውጭ አገር ጸሐፊዎችም ይህን እንደ እውነት ደጋግመው ጽፈውታል። ነገር ግን ግሡ በግዕዝ ጠፍአ ነው፤ ሦስተኛ ፊደሉ አ ነው። ትግርኛ ይህን አ እስከ ዛሬ በግሡ ይጠብቀዋል፤ እህሉን ግን ጣፍ ይለዋል እንጂ አ አያሰማበትም። ስሙ ከግሡ የወጣ ቢሆን ኖሮ በትግርኛ አው ባልጠፋ ነበር። እንዲሁም እንግሊዞች ቡናን ኮፊ ያሉት ከከፋ አገር ስም ነው የሚል ወሬ አለ። የቃሉ መንገድ ግን የታወቀ ነው፤ ዐረቦች ቃህዋ አሉት፥ ቱርኮች ካህቬ አሉት፥ ከቱርክ ወደ አውሮፓ አለፈ። ቃህዋም አስቀድሞ በዐረብኛ የወይን ጠጅ ስም ነበር። ቡናው ከኢትዮጵያ መሄዱ እውነት ነው፤ የስሙ ከከፋ መሄድ ግን ምስክር የለውም። እውነት የሆነውን ክብር ለመጠበቅ ያልተረጋገጠውን መጨመር አያስፈልግም።

አሁን ወደ መዝገበ ቃላቱ እንመለስ። የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ መጽሐፈ ሰዋስው ወግስ ወመዝገበ ቃላት ሐዲስ በዚህ አገር ሊቃውንት እጅ ከተሠሩት ሁሉ የሚበልጥ ሥራ ነው። የመምህራቸውን የክፍለ ጊዮርጊስን ጅምር ተቀብለው ብዙ ዘመን ደከሙበት፤ በ1936 ዓ.ም ካረፉ በኋላም ደቀ መዝሙራቸው ደስታ ተክለ ወልድ አደራውን ጠብቀው በ1948 ዓ.ም አሳተሙት። ደስታ ተክለ ወልድም ራሳቸው ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላትን በ1962 ዓ.ም አወጡ። የአለቃ ኪዳነ ወልድ ኀይል ግዕዙን ከዕብራይስጥ፥ ከሱርስትና ከዐረብኛ ጋራ አስተያይተው መመዘናቸው ነው። የድምፅን ሥርዐት ያውቃሉ፤ ሀንና ሐን፥ አንና ዐን አይቀላቅሉም፤ ፊደል የሚያቀላቅለውንም ጸሐፊ አይምሩም።

ይሁን እንጂ የመጽሐፉ ብርታት የጕድለቱም ምክንያት ሆነ። ምስክሮቹ ሁሉ የተጠሩት ከባሕር ማዶ ነው፤ በቅርብ ያለው ጎረቤት፥ አገው፥ በዚያ ሸንጎ በቂ ቦታ አላገኘም። አንድ ቃል በዕብራይስጥና በዐረብኛ ዘመድ ሲያጣ፥ ዘመድ የለውም ከማለት በፊት የጎረቤትን ደጅ መምታት ይገባ ነበር። ዶሮ ለዚህ ማስረጃ ነው። በግዕዝ ዶርሆ ይባላል፥ በቅዱሱ ወንጌልም ይነበባል፤ ስለዚህ ብዙ ሰው ከግዕዝ የተወለደ ይመስለዋል። ዐረብኛው ግን ደጃጅ፥ ዕብራይስጡ ታርነጎል ነው፤ አንዱም አይመስለውም። ወደ አገው ወገን ሲዞሩ በብሌን ዲርዋ፥ በአዊኛ ዱሪ ይገኛል። ስለዚህ ግዕዝ ራሱ ከኩሽ ወገን ጎረቤቱ የተቀበለው ቃል እንደ ሆነ ሊቃውንት ፈርደዋል። በመጽሐፍ የተገኘ ቃል ሁሉ በመጽሐፉ ቋንቋ የተወለደ አይደለምና።

ከቃልም አልፎ የንግግሩ አካሄድ ይመሰክራል። ግዕዝ ብዙ ጊዜ ግሡን አስቀድሞ ሖረ ንጉሥ ይላል፤ አማርኛ ንጉሡ ሄደ ብሎ ግሡን በመጨረሻ ያስቀምጣል። አዊኛም ግሡን በመጨረሻ ያስቀምጣል። አማርኛ ይህን አካሄድ ከኩሽ ቋንቋዎች፥ ይልቁንም ከአገው፥ እንደ ወረሰ የቋንቋ መርማሪዎች አስረድተዋል። ስለዚህ በአማርኛ የሚናገር ሁሉ፥ አንድም የአገው ቃል ባይናገር፥ በአገው ሥርዐት ይናገራል ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም።

የአዊኛ ቍጥርም ለብቻው መጽሐፍ ነው። በግዕዝ ፊደል ሲጻፍ ልክ ድምፁን ባይሰጥም፥ ሁለት ላኛ፥ ሦስት ሹጋ፥ አራት ሴድዛ ይባላል። ሰባት ላኝታ፥ ስምንት ሶጎታ፥ ዘጠኝ ሴስታ ነው። አስተውሎ የሚያነብ ሰው ሰባት ከሁለት፥ ስምንት ከሦስት፥ ዘጠኝ ከአራት እንደ ወጡ ያያል። የጥንት ሰዎች የአንድ እጃቸውን አምስት ጣት ቈጥረው ሲጨርሱ በሁለተኛው እጅ እንደ ገና ስለ ጀመሩ ነው። እንግሊዞችም ዐሥራ አንድን ኢለቨን፥ ዐሥራ ሁለትን ትዌልቭ ሲሉ የጥንት ፍቺው አንድ ተረፈ፥ ሁለት ተረፈ ማለት ነው፤ ዐሥር ጣት አልቆ የተረፈው ማለት ነው። ሁለቱ ሕዝቦች ሳይተዋወቁ በአንድ አሳብ ቈጠሩ። ይህ የቃል ዝምድና አይደለም፤ የሰው ልጅ አእምሮ ዝምድና ነው፥ ሁለቱንም መለየት ያስፈልጋል።

ሁሉን ለአገው የሚሰጠውም ወገን በሚዛኑ ይመዘን። ውሻ በግዕዝ ከልብ ስለሚባል፥ ውሻ የሚለው ቃል የአገው ነው የሚል አለ። አዊኛ ግን ውሻን ግሰኝ ይለዋል። ዘመዱ የሚገኘው በደቡብ ነው፤ በሐዲያ ዊሻ፥ በሲዳማ ዎሺቾ ይባላል። እንዲሁም የአዊ ፈረሰኞች ዝና ታላቅ ቢሆንም፥ ፈረስ የሚለው ቃል በዐረብኛ ከነፍቺው ያለ፥ በዕብራይስጥም ፓራሽ ተብሎ ፈረሰኛን የሚያመለክት ስለ ሆነ የአገው ነው ማለት አይቻልም። ወደ ራስ ወገን ማድላት ለግዕዝ ሲሆን ጥፋት፥ ለአገው ሲሆን ግን ጽድቅ አይሆንም።

የውጭ አገር ሊቃውንት በዚህ በኩል ብዙ ሠርተዋል። ሮበርት ሄትስሮን የአዊኛን ግሥ ሥርዐት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1969 አሳተመ። ቮልፍ ሌስላው በ1987 ባወጣው የግዕዝ ማነጻጸሪያ መዝገብ የኩሽን ቋንቋዎች በምስክርነት ጠራ። ዴቪድ አፕልያርድም በ2006 የአገው ቋንቋዎችን ሁሉ የሚያነጻጽር መዝገበ ቃላት በጀርመን አገር አሳተመ። የኋለኛው ሥራ ለዚህ ጕዳይ ዋና ምስክር ነው፤ ብሌንን፥ ኽምጣንጛን፥ ቅማንትኛንና አዊኛን ጎን ለጎን አቁሞ አያታቸውን ለመፈለግ ይጥራል። የሚነቀፍበት ነገር ቢኖር ለባለቤቱ ሩቅ መሆኑ ነው። በእንግሊዝኛ የተጻፈ፥ በላቲን ፊደል የተቀመጠ፥ በእንግሊዝኛው ፍቺ ተራ የተደረደረ ስለ ሆነ፥ የአዊ ሽማግሌ የገዛ ቃሉን በውስጡ ለማግኘት አስቀድሞ እንግሊዝኛ መማር አለበት። እንግዲህ የአገሩ መዝገብ አገውን ዘነጋ፤ አገውን ያልዘነጋው መዝገብ ደግሞ ከአገሩ ራቀ።

ይህ የሊቃውንት ጨዋታ ብቻ ነው የሚል ቢኖር የጋፋትን ነገር ይመልከት። ጀምስ ብሩስ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1770 ግሽ ዓባይ ደረሰ፤ መኃልየ መኃልይንም በአገውኛና በጋፋትኛ አስተርጕሞ ወሰደ። በዚያ ጊዜ ጋፋትኛ በዳሞት የሚነገር ሕያው ቋንቋ ነበር። ሌስላው በ1947 ሲፈልገው ያገኘው ጥቂት ሰዎችን ብቻ ነው፤ ዛሬ የሚናገረው የለም። ቅማንትኛም በ1987 ዓ.ም በተደረገው የሕዝብ ቈጠራ 1,650 ያህል ተናጋሪ ብቻ ተገኘለት። አዊኛ በዚያው ቈጠራ ከ350 ሺህ በላይ ተናጋሪ ነበረው፥ በዞኑም የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ይሰጣል፤ ስለዚህ ዕጣው ያን ያህል አያሰጋም። ነገር ግን ቋንቋ ከመሞቱ በፊት ቃላቱ አንድ በአንድ ይሞታሉ። ወጣቱ አዊኛ ሲናገር የዛፉን፥ የሣሩን፥ የእርሻ ዕቃውንና የበሽታውን ስም በአማርኛ መተካት ከጀመረ፥ አዊኛው ይኖራል፥ ምስክርነቱ ግን ይጠፋል። ያን ጊዜ የሚጠፋው የአዊ ርስት ብቻ አይደለም፤ የአማርኛና የግዕዝ ቃላት አባት የት እንደ ነበረ የሚነግር ሰውም አብሮ ይጠፋል።

ስለዚህ የሚፈለገው መዝገብ እንዲህ ያለ ነው፤ ቃሉ በግዕዝ ፊደል በአዊኛ ተራ የተጻፈ፥ በጕሮሮና በአፍንጫ ለሚወጣው ድምፅም ግልጽ ደንብ ያለው፥ በአጠገቡም የአማርኛው፥ የግዕዙና የሌሎቹ አገው ቋንቋዎች ዘመድ የተመለከተበት። ምስክር ያለው በምስክሩ ይጻፍ፥ የሚያከራክረው ክርክሩ ይገለጥ፥ ተረት የሆነው ተረት ይባል። ለዚህ ሥራ የአዊኛ መምህር ብቻውን አይበቃም፥ ግሥ ያወረደ የቅኔ መምህርም ብቻውን አይበቃም፤ ሁለቱ ባንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ሲቀመጡ፥ በመካከላቸውም የዛፉንና የሣሩን ስም የማይስት የባላገር ሽማግሌ ሲኖር ይፈጸማል። የጥንቶቹ ሊቃውንት ዕብራይስጥና ሱርስት ለመማር እስከ ኢየሩሳሌም ሄደዋል። አገው ግን እደጅ ነው፤ ለመስማት የሚያስፈልገው ሽማግሌው ሳያልፍ ቀርቦ መጠየቅ ነው።